ቆሎ ለዘር፤ ስለ ፖርቱጋል ቅኝ ግዛቶች ካደረግነው ጥናት



ይህ ጽሑፍ የተለመደው ዓይነት ትንተና አይደለም፤ ግለ ሂስ ነው። የጥናት ክበባችን የፖርቱጋልን ቅኝ ግዛቶች ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ታሪክ ለማጥናት ሲወስን ምክንያቱ ቀላል ነበር። የምናውቀው መስሎን ነው። የአሚልካር ካብራልን፣ የኤድዋርዶ ሞንድላንን፣ የአጎስቲኞ ኔቶን ስም ከእኛ በፊት የነበረው የተማሪ ትውልድ እንደ ዳዊት ደግሞታል፤ እኛም የወረስነው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ስብሰባዎች እያንዳንዳችን በቃላችን የያዝነውን ጥቅስ እየወረወርን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። አንዳችን ሌላውን ረታን እንጂ የተማርነው ነገር አልነበረም።

በሦስተኛው ስብሰባ አንድ የሞዛምቢክ ተማሪ በእንግድነት ጋበዝን። ክርክራችንን ዝም ብሎ ካዳመጠ በኋላ ሁለት ጥያቄ አቀረበልን። የመጀመሪያው «ካብራል የተማረው ምን ነበር?» የሚል ነው። ከእኛ ገሚሱ ፍልስፍና፣ ገሚሱ ሕግ አለ። የግብርና ባለሙያ መሆኑን ያወቀው አንድ ጓድ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ «በእኔ አገር ጥጥ የሚዘራው መቼ ነው?» የሚል ሲሆን ለዚህ መልስ የሰጠ አልተገኘም። እንግዳችን አልተቆጣም። «ሴት አያቴ ግን ያውቁ ነበር። ከመዝራታቸው በፊት ማንም ሳያይ ዘሩን በድስት ይቆሉት ነበር» አለን።

በእኛ አገር «ቆሎ ለዘር፣ እንዶድ ለድግር አይሆንም» ይባላል። የተቆላ እህል እንደማይበቅል የማያውቅ ገበሬ የለም። እኚያ እናትም ያውቁ ነበር፤ የቆሉት እንዳይበቅል ብለው ነው። አንድ ገበሬ የዘራው እንዳይበቅል እስኪመኝ ድረስ ምን ቢደርስበት ነው? ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ይህ ጥያቄ ነው። (የአገራችንን ካልሆነ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሕጉ እንጀምር። ፖርቱጋል በግዛቶቿ ባርነትን በሕግ የሻረችው በ1869 ነው። ይሁን እንጂ ነፃ ወጣ የተባለው ሰው ለቀድሞ ጌታው እየሠራ ለዓመታት እንዲቆይ ተደረገ። በ1899 የወጣው የሥራ ሕግ ደግሞ የቅኝ ግዛቶቹ ተወላጆች ሠርተው የማደር የሞራልና የሕግ ግዴታ እንዳለባቸው፣ በፈቃዳቸው ካልፈጸሙት መንግሥት ሊያስገድዳቸው እንደሚችል ደነገገ። በራሱ ማሳ ላይ የሚውለው ገበሬ በተግባር እንደ ሥራ ፈት ተቆጠረ። ሥራ የሚባለው የነጩ እርሻ፣ መንገዱ፣ ሐዲዱና ወደቡ ብቻ ሆነ። በሞዛምቢክ ሕዝቡ ይህን የግዳጅ ሥራ «ቺባሎ» ይለዋል። በአንጎላ «ኮንትራት» ይባል ነበር። ወደ ሳኦ ቶሜ የካካዎ እርሻዎች በመርከብ የተጫነው የአንጎላ «ኮንትራት ሠራተኛ» አብዛኛው አገሩን ዳግመኛ ባለማየቱ፣ በ1909 የእንግሊዝ የቸኮላት ፋብሪካዎች እንኳ የደሴቲቱን ካካዎ አንገዛም ለማለት ተገደዋል።

ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሥርዓቱ «ኢንዲጄናቶ» በተባለ ሕግ ተጠናከረ። በጊኒ ቢሳው፣ በአንጎላና በሞዛምቢክ የሚኖር ሰው በሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ዜጋ፣ ሌላው «ተወላጅ»። ተወላጁ የጎጆ ግብር ይከፍላል፣ የይለፍ ወረቀት ይይዛል፣ ለግዳጅ ሥራ ይጠራል። ከዚህ ለማምለጥ «የተዋሐደ» መባል አለበት። ለዚህም ፖርቱጋልኛ መናገርና መጻፍ፣ ገቢ ማግኘት፣ አለባበሱንና አኗኗሩን እንደ አውሮፓዊ ማድረግ ይጠበቅበታል። በ1950 ይህን ማዕረግ ያገኙት በሞዛምቢክ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። በዚያው ዓመት በፖርቱጋል በራሷ ከአሥሩ ሰው አራቱ ያህል ማንበብ አይችልም። የፖርቱጋሉ ገበሬ በዚያ ፈተና ቢቀመጥ ኖሮ ይወድቅ ነበር ማለት ነው፤ እሱን ግን የፈተነው የለም።

በ1947 ኤንሪኬ ጋልቫው የተባለ የቅኝ ግዛት ከፍተኛ ተቆጣጣሪ ስለ አንጎላ የግዳጅ ሥራ ለፖርቱጋል ብሔራዊ ሸንጎ ሪፖርት አቀረበ። ሰውየው ተራማጅ አልነበረም፤ የሥርዓቱ አገልጋይ ነው። የሪፖርቱ ፍሬ ነገር ይህ ሁኔታ በአንዳንድ ረገድ ከባርነት ይከፋል የሚል ነበር። ባሪያን በገንዘቡ የገዛ ሰው እንደ ከብቱ ይጠነቀቅለታል፤ እዚህ ግን ሠራተኛው ከመንግሥት የተከራየ ነውና ቢሞት አሠሪው ሌላ እንዲላክለት ከመጠየቅ በቀር የሚጎዳው ነገር የለም። ሪፖርቱ ታፈነ፤ ጋልቫውም ከጊዜ በኋላ ታሰረ።

እዚህ ላይ ክበባችን ለሁለት ተከፈለ። አንድ ጓድ «ፖርቱጋል ራሷ ድሀ አገር ነበረች። ወደ ውጭ የምትልከው ካፒታል የላትም። ስለዚህ ቅኝ ግዛቶቹን የያዘችው ለክብርና ለዝና እንጂ ለብዝበዛ አይደለም» አለ። ሌሎቻችን ይህን አድኃሪ አስተሳሰብ ብለን ጮኽንበት። መጮህ ግን መልስ አልሆነም። ሁለት ሳምንት ከተጨቃጨቅን በኋላ መልሱን ያገኘነው ወደ ጥጡ ስንመለስ ነው።

የሰሜን ፖርቱጋል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እስከ 1920ዎቹ ድረስ ጥጥ የሚገዙት ባብዛኛው ከባዕድ አገር በውጭ ምንዛሪ ነበር። በ1926 የወጣ ድንጋጌ በሞዛምቢክና በአንጎላ ሰፋፊ ቀበሌዎችን ለኩባንያዎች አከፋፈለ። ኩባንያው በክልሉ ውስጥ የጥጥ መዳመጫ ያቆማል፤ የክልሉ ገበሬ ጥጡን ለእሱ ብቻ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ይሸጣል። ሳላዛር ሥልጣኑን ካደላደለ በኋላ በ1938 የቅኝ ግዛት ጥጥ ኤክስፖርት ቦርድ ተቋቋመ፤ ግዴታውም ጠበቀ። በሞዛምቢክ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ጥጥ እንዲዘሩ ተመዘገቡ። ብዙ ዓመት ሳይቆይ የፖርቱጋል ፋብሪካዎች የሚፈልጉት ጥጥ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ከቅኝ ግዛቶቹ ይመጣ ጀመር። ዋጋው ከዓለም ገበያ እጅግ ያነሰ ነበር። የተሸመነውም ጨርቅ በቀረጥ ከለላ ተመልሶ ለዚያው ገበሬ ይሸጥ ነበር።

ልብ እንበል። ኩባንያው መሬት አልገዛም። ደመወዝ አልከፈለም። ዝናብ ቢቀር፣ ተባይ ቢገባ ኪሳራው የገበሬው ነው። ፖርቱጋል ካፒታል አልነበራትም ያለው ጓዳችን ሀቁን ተናግሯል፤ የተሳሳተው ድምዳሜው ላይ ነው። የካፒታሉን ቦታ አለንጋው ተካው። ድሀ ቅኝ ገዥ ከሀብታሙ የሚለየው ብዝበዛን በመተው ሳይሆን፣ ለብዝበዛው የሚያወጣው ወጪ ስለሌለው በሰው ጉልበት ላይ ይበልጥ በመጨከኑ ነው።

ጭካኔው የሚታየው ደግሞ በዘመን መቁጠሪያው ላይ ነው። በሰሜን ሞዛምቢክ ዝናቡ የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ገበሬው በቆሎውንና ማሽላውን የሚዘራው ያኔ ነው፤ ጥጡም ያኔ መዘራት አለበት። ጥጥ ደጋግሞ መታረምን ይፈልጋል፤ የእህሉም አረም አይጠብቅም። መሬት ሞልቷል፤ የጠፋው የሰው እጅ ነው። ሲፓይ የተባሉት ፖሊሶችና የኩባንያው ተቆጣጣሪዎች የሚመጡት የጥጡን ማሳ ለማየት ነው። ያላረመ በአለንጋ ወይም ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የእንጨት መምቻ መዳፉን ይገረፋል። ስለዚህ ገበሬው እህሉን ትቶ ጥጡን ያርማል። ብዙ ቤተሰብ ማሽላውን እየተወ ብዙ ጉልበት ወደማይጠይቀው ወደ ካሳቫ ዞረ። ካሳቫ ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነት አይገነባም። ጥጥ በተስፋፋበት ቀበሌ ረኃብ የተከተለው መሬቱ ስለከፋ አልነበረም።

ሸክሙ በይበልጥ የወደቀው በሴቶች ላይ ነው። ወንዱ ለቺባሎ ሲወሰድ ወይም ከቺባሎ ሲሸሽ የጥጡ ግዴታ ከሚስቱ አይነሣም። በገበያው ቀን ጥጡን በራሷ ተሸክማ ረጅም መንገድ ትሄዳለች። እዚያም ሚዛኑን የሚያነበው የኩባንያው ሰው ነው። አንደኛ ደረጃ ነው፣ ሁለተኛ ደረጃ ነው የሚለውም እሱ ነው። የተከፈላት ገንዘብ ከግብሩ ካለፈ እድለኛ ናት።

ትግሉ እንግዲህ የተጀመረው እኛ በጥቅስ ከምናውቀው ዘመን በፊት ነው። ገበሬው ዘሩን ቆልቶ ወይም ቀቅሎ ዘራና መሬቱ ለጥጥ አይሆንም አለ። ሚዛኑ ሲሰርቀው በጥጡ ውስጥ አሸዋና ድንጋይ ጨመረ። ሌሊት ድንበር ተሻግሮ ወደ ኒያሳላንድና ወደ ታንጋኒካ ሸሸ። በ1947 በቡዚ ሴቶች ተሰብስበው ዘሩን አንቀበልም አሉ። በ1961 መጀመሪያ ላይ በአንጎላ የካሳንጄ ቆላ ጥጥ አምራቾች አንዘራም ብለው ተነሡ፤ የተሰጣቸውን ዘር አቃጠሉ። የፖርቱጋል አየር ኃይል መንደሮቹን በቦምብ ደበደበ። አንጎላ ዛሬ ጥር 4 ቀንን (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የቅኝ ግዛት ጭቆና ሰማዕታት ቀን አድርጋ የምታስበው ለእነዚህ ገበሬዎች ነው። የግዴታው ጥጥ በሕግ የተሻረው በዚያው ዓመት ነው፤ ኢንዲጄናቶም እንዲሁ። ሕጉን የሻረው የሊዝቦን ርኅራኄ አልነበረም።

በደቡብ ሞዛምቢክ የሚሸጠው ጥጥ ሳይሆን ሰው ራሱ ነበር። ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በተደረጉ ስምምነቶች የሞዛምቢክ ወንዶች ለደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ጉድጓዶች በኮንትራት ይላኩ ነበር። በ1928ቱ ስምምነት የማዕድን ሠራተኛው ደመወዝ ከፊሉ ተቀንሶ ይያዝና አገሩ ሲመለስ በፖርቱጋል ገንዘብ ይከፈለው ጀመር። በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ደቡብ አፍሪካ የተያዘውን ደመወዝ ለፖርቱጋል በርካሽ መደበኛ ዋጋ በተተመነ ወርቅ ታስተላልፍ ነበር። በሊዝቦን ወርቁ፣ በጋዛ መንደር የሳምባ በሽታው ቀረ። ሞዛምቢክ በ1975 ነፃ ስትወጣ በማዕድኑ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ልጆቿ ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ይህን ቁጥር ከግማሽ በታች ስታወርደው አዲሱ መንግሥት ከባድ የኢኮኖሚ ምት ደረሰበት። ነፃነት ባንዲራ ሰቀለ፤ ከሥሩ ያለው የምርት ግንኙነት ግን በአንድ ሌሊት አልተነቀለም።

እዚህ ላይ ወደ እንግዳችን የመጀመሪያ ጥያቄ እንመለሳለን። ካብራል ከሊዝቦን የግብርና ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ጊኒ ሲመለስ በቅኝ ገዥው መንግሥት ተቀጥሮ በ1953 የአገሪቱን የእርሻ ቆጠራ መራ። መንደር ለመንደር እየዞረ የማን ማሳ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን እንደሚዘራበት፣ ምን ያህል እንደሚያፈራ መዘገበ። የግዴታ ያህል የተስፋፋው የኦቾሎኒ እርሻ መሬቱን እንዴት እንደሚያደክም አየ። ባላንታዎች የባሕሩን ውኃ በግድብ እየገቱ ሩዝ እንዴት እንደሚያመርቱ፣ በእነሱ ዘንድ ባላባት እንደሌለ፣ በፉላዎች ዘንድ ግን ባላባቱ ከቅኝ ገዥው ጋር እንደተቆራኘ ተገነዘበ። የፓርቲው ታጋዮች ከአሥር ዓመት በኋላ ጫካ ሲገቡ መንደሩን የሚያውቅ መሪ ነበራቸው። የእሱ ንድፈ ሐሳብ የበቀለው ከዚያ መዝገብ ነው። እኛ ግን ፍሬውን ቆልተን በቃላችን ያዝነው፤ ቆሎውንም በየስብሰባው ዘራነው።

በ1964 በካሳካ በተደረገው ጉባኤ ፓርቲው በመጀመሪያ የመረመረው የራሱን ሰዎች ነው። ሕዝቡን የበደሉ አዛዦች ለፍርድ ቀረቡ። ነፃ በወጡት ቀበሌዎችም የሕዝብ መደብሮች ተከፈቱ። ገበሬው ሩዙን አምጥቶ ጨርቅ፣ ጨውና ሳሙና ይለውጣል፤ ልውውጡም ከቅኝ ገዥው ነጋዴ የተሻለ እንዲሆን ተደረገ። በእኛ አስተያየት ከማንኛውም የጦር ሜዳ ድል ይልቅ ለገበሬው ነፃነት ምን እንደሚመስል ያሳየው ይህ ሚዛን ነው። ካብራል በጥር 1973 በኮናክሪ ተገደለ። በመስከረም 1973 ጊኒ ቢሳው ነፃነቷን አወጀች። በሚያዝያ 1974 በቅኝ ግዛት ጦርነት የተሰላቹ መኮንኖች የሊዝቦኑን አገዛዝ ገለበጡት።

ጽሑፋችን እዚህ ቢያበቃ ደስ ይለን ነበር። አይችልም። ከነፃነት በኋላ የጊኒ ቢሳው መንግሥት የቅኝ ገዥውን ታላቅ የንግድ ድርጅት፣ ካዛ ጎቬያን፣ ወርሶ ከሕዝብ መደብሮች ጋር ቀላቀለው። የመደብሩ ስም የሕዝብ ነበር፤ ለሩዝ የሚከፈለው ግን ትንሽ፣ መደርደሪያውም ባዶ ሆነ። ገንዘቡ ወደ ከተማና ወደ ትላልቅ ፋብሪካዎች ሄደ። በኩመሬ የተሠራው የኦቾሎኒና የሩዝ ፋብሪካ አገሪቱ ከምታመርተው አቅም በላይ ሆኖ ቀረ። ገበሬው ሩዙን ደበቀ ወይም ወደ ጎረቤት አገር አሻገረ። በኅዳር 1980 የመጀመሪያው መንግሥት በመፈንቅለ መንግሥት ወደቀ።

ሞዛምቢክ ውስጥም የእርሻው መዋዕለ ንዋይ ባብዛኛው በመንግሥት እርሻዎች ላይ ፈሰሰ፤ ለቤተሰብ እርሻ የደረሰው ኢምንት ነው። ብዙ ገበሬዎች ከማሳቸው ርቀው በጋራ መንደሮች እንዲሰፍሩ ተደረገ። በ1983 ሥራ የላቸውም የተባሉ የከተማ ሰዎች «የምርት ዘመቻ» በተባለው እርምጃ ተይዘው ባብዛኛው ወደ ሩቁ ኒያሳ ተወሰዱ። ሥራ ፈት ነህ ተብሎ መወሰድን ያ ሕዝብ ያውቀዋል። በዚያው ዓመት የፍሬሊሞ አራተኛ ጉባኤ የቤተሰብ እርሻው መዘንጋቱን በይፋ አመነ፤ እምነቱ የሚያስከብረው ነው። ነገር ግን ጊዜው መሽቶ ነበር። ሬናሞን የፈጠረው የሮዴሺያ የስለላ ድርጅት፣ ያሳደገውም የአፓርታይድ ጦር መሆኑን ማንም ሊክድ አይገባም፤ ትምህርት ቤቱንና ክሊኒኩን ያቃጠለው እሱ ነው። ጦርነቱ እስከ 1992 ዘለቀ። ይሁንና ጠላት ከውጭ ያመጣው እሳት የተቀጣጠለው ቅሬታ ባደረቀው ማሳ ላይ ጭምር ነው።

ይህን ስናነብ አንዳችን የሌላችንን ፊት ማየት አቃተን። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሲሰለፉ ትክክል ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የባላባቱን እርቦና ሲሶ ማስቀረቱን የሚክድ ሰው ከእኛ መካከል የለም። ሚዛኑን ማን ይይዛል ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር። ብዙ ሳይቆይ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መጣ፤ ኮታ መጣ። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ አስረከበ። ቀጥሎም የመንደር ምሥረታ መጣ። ኮታው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው። ደርግ ሳላዛር ነበር እያልን አይደለም፤ ታሪክ በማመሳሰል አይጻፍም። የምንለው፣ በሕዝብ ስም የቆመ ሚዛንም ቢሆን ገበሬው ካልተቆጣጠረው ለገበሬው ያው ሚዛን ነው።

በዚህ ድምዳሜ ሁላችንም አልተስማማንም። አንዲት ጓዳችን «ለከተማው ወዝ አደር እንጀራ የሚሆነውን እህል በርካሽ ካላገኘህ አገር በምን ይገነባል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ቀልድ አይደለም። ከ90 ከመቶ በላይ ሕዝቡ ያልተማረበትን፣ ሐኪሙና መካኒኩ ጥሎ የሄደበትን አገር የተረከበ መንግሥት ምን ማድረግ እንደነበረበት ከውጭ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው። ለእሷ ያለን መልስ ይህ ብቻ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ገበሬ ዋጋው ሲቆረጥ በስብሰባው ውስጥ ይኑር። በስብሰባው ውስጥ ካልኖረ ድምፁን በድስቱ ይሰጣል።

ስለዚህ ክበባችን ለራሱ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። እያንዳንዳችን ከአገራችን አንድ ወረዳና አንድ ሰብል መርጠን፣ መቼ እንደሚዘራ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ ማን እንደሚያርመው፣ ማን እንደሚመዝነውና ስንት እንደሚያወጣ እናጠናለን። ይህን ሳይጨርስ ከካብራል የሚጠቅስ ጓድ ቢኖር ሰብሳቢው ያስቆመዋል። ለሌሎች የኅብረቱ ቅርንጫፎችም ይህንኑ እንዲያደርጉ እናሳስባለን።

እንግዳችንን በር ድረስ ስንሸኘው ከእኛ አንዱ «አያትህ አልተያዙም?» ብሎ ጠየቀው። «ሁለት ዓመት አልተያዙም፤ በሦስተኛው ተቆጣጣሪው ራሱ ቆሞ አዘራቸው» አለ። ጥጡ በቀለ። መሬቱ ደህና መሬት ነበር።